በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሚሠራ ልብ ወለድ ፖድካስት፦ ከስክሪፕት እስከ መልቀቅ

የድምፅ ድራማ መሥራት እየፈለጋችሁ ለተዋናይ የምትከፍሉት ስለሌላችሁ ብቻ የተዋችሁት ካላችሁ፣ አንድ ሰው ይበቃል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ በዛብህንም፣ ሰብለንም፣ ፊታውራሪ መሸሻንም የሆነው ብቻውን ነው። ዛሬም መጽሐፉን ሲያነቡ የእሱ ድምፅ የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ።

እሱ የተረከው ግን ለዓይን የተጻፈ መጽሐፍ ነው። እናንተ ደግሞ ከመጀመሪያው ለጆሮ ነው የምትጽፉት። ስለዚህ አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ይህን መልሱ፦ ይህ ሰው የሚያወራው ለማን ነው? ለምንስ ብቻውን ያወራል? ይህ ካልተመለሰ አድማጩ የሚሰማው ታሪክ የሚያነብ ሰው እንጂ የሚኖር ሰው አይሆንም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደሴ ላለች እህቷ ማታ ማታ ቮይስ ትልካለች። እኛ የምንሰማው የእሷን ብቻ ነው፣ የእህቷ መልስ ጭራሽ አይሰማም።

«ዘሃራ፣ ማዳም ተኝታለች፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራው። ብሩን ለእማዬ ሰጠሻት? ነገ አትበይኝ። ትናንትም ነገ ነው ያልሽኝ። ቆይ… ቆይ፣ በር የተከፈተ መሰለኝ።»

እዩት እስቲ። ሰው ቤት እንዳለች፣ ማንን እንደምትፈራ፣ እህቷ የሆነ ነገር እየደበቀች እንደሆነ ገብቶናል፣ ማንም ግን አላብራራልንም። «ሰጠሻት» እና «አትበይኝ» ሲባል የሚሰማው ሰው ሴት እንደሆነች፣ እኩያ ወይም ታናሽ እንደሆነች ወዲያው እናውቃለን። በሚቀጥለው ቮይስ «ብሩ ደረሰዎት?» ብትል ደግሞ ስልኩን ትልቅ ሰው እንደያዘው ስም ሳትጠሩ አድማጩ ይደርስበታል፣ ድምጿም ራሱ ሰብሰብ ይላል። አማርኛ አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎን ግሱ ውስጥ ስለሚያስገባ ለብቸኛ ተራኪ ትልቅ ስጦታ ነው፣ ተጠቀሙበት።

ሁለት ሰው የሚነጋገርበት ቦታ ከመጣ ለሴቷ ድምፅ ማቅጠን፣ ለሽማግሌው ማወፈር ይቅርባችሁ። ፍጥነት ለውጡ። አንዱ ቸኩሎ ይናገር፣ ሌላው ከመመለሱ በፊት ትንሽ ይቆይ። ሌላው ችግር «አለ» እና «አለች» መጨረሻ ላይ መምጣታቸው ነው፤ ሦስት መስመር ንግግር ሰምተን ካበቃን በኋላ «አለ ካሳ» ሲባል፣ እስከዚያ ድረስ በሌላ ሰው መልክ ስናስበው ነው የቆየነው። ስለዚህ ስሙን አስቀድሙ፣ «ካሳ ወንበሩን ሳበና…» ብላችሁ ከዚያ ንግግሩን አምጡ።

ረቂቁን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህም በተጨማሪ» የሚሉትን በቮይስ የሚላቸው ሰው የለም፣ ይውጡ። ስትቀርጹ እንዳትደናቀፉ ጠብቀው የሚነበቡት ፊደላት ላይ ነጥብ አድርጉ፤ «ገና» ጠብቆ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሌላ ነው። አንድ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ብቻውን የሆነ ድምፅ ከዚያ በላይ እንዲሸከም መጠየቅ ይከብዳል።

ቀረጻ። ስልካችሁ ይበቃል። ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደ ልብሱ አዙሩ፣ ከጀርባችሁ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀሉ። ፍሪጅ ይነቀል፣ ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ከሆነ በክረምት ዝናቡ ሲያባራ ጠብቁ፣ ያንን ድምፅ በሶፍትዌር ማጥፋት ይከብዳል። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ትንሽም ወደ ጎን፣ አለዚያ «በ» እና «ፐ» ማይኩ ላይ ይነፋሉ። ማዳም ተኝታ ልጅቷ ስታንሾካሽክ ግን ጠጋ በሉ፤ ያ ቅርበት አድማጩ ጆሮ ላይ የሚሠራውን ምንም ኢፌክት አይሠራውም። ስትሳሳቱ ቀረጻውን አታቋርጡ፣ አንዴ አጨብጭቡና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙት። ኤዲት ስታደርጉ ጭብጨባው የድምፁ ሞገድ ላይ እንደ ሹል ጫፍ ሆኖ ይታያችኋል። መጨረሻ ላይ ዝም ብላችሁ 30 ሰከንድ ባዶውን ክፍል ቅረጹ፣ የቆረጣችሁበትን ለመሙላት ትፈልጉታላችሁ።

ለኤዲት ኦዳሲቲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። መጀመሪያ ስህተቱን ቁረጡ፣ ከዚያ ኖይዝ ሪዳክሽን (የጀርባ ጫጫታ መቀነሻው) በጥቂቱ፣ ሲበዛ ድምፁ የጣሳ ውስጥ ድምፅ ይሆናል። ትንፋሽን በሙሉ አትቁረጡ፣ የፈራ ሰው ትንፋሹ ይሰማል። የድምፁ ከፍታ ለሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) −19፣ ለስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ለተለየው) −16 ኤልዩኤፍኤስ አካባቢ ይሁን፤ ኤልዩኤፍኤስ ድምፁ ለጆሮ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚሰማ የሚለካበት ነው።

ሌላ ድምፅ ማስገባት ከፈለጋችሁ ጥቂት። ለጅዳዋ ልጅ የኤሲ ጉርምርምታ እና አንድ የበር ድምፅ በቂ ነው፤ ኤሲው ድንገት ጸጥ ቢል ራሱ አንድ ክስተት ነው። ራሳችሁ ብትቀርጹት ይመረጣል። ፍሪሳውንድ ከሚባለው የድምፆች ድረ ገጽ ላይ ስትወስዱ ፈቃዱን አንብቡ፦ «ሲሲ ዜሮ» ያለ ግዴታ ይሠራል፣ «አትሪቢውሽን» የሠሪውን ስም መጥቀስ ይጠይቃል፣ «ነንኮሜርሻል» ከሆነ ገንዘብ የምታገኙበት ሥራ ውስጥ አይገባም። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ አትንኩ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ክፍል ጨርሱ፣ ሥራ ቢበዛባችሁ አድማጭ አይጠብቃችሁም። ለአፕል ፖድካስትስ የሽፋን ምስሉ 3000 በ3000 ፒክስል ቢሆን ይመረጣል። እዚህ አገር ያለው አድማጭ ግን ብዙውን ጊዜ ቴሌግራም ላይ ነው፣ ዳታም በሜጋ ይገዛል፤ ስለዚህ ለቴሌግራም ሞኖ ኤምፒስሪ በ64 ኪሎቢት አውጡት፣ 15 ደቂቃው 7 ሜጋ አካባቢ ይሆናል፣ ለንግግር ደግሞ ጥራቱ አያንስም። «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለውንና የሠሪዎቹን ስም ከፋይሉ ሥር በጽሑፍ አስቀምጡት፣ የክፍሉ የመጨረሻ ድምፅ የገጸ ባሕርይዋ ይሁን።