ታይሮይድ ላለበት ሰው ዳይት አልሠራ ሲል፦ ከምግቡ በፊት ኪኒኑን እንይ

ቁርስ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ አስኳሉ ወጥቶ። ምሳ ሰላጣ። እራት ሾርባ። ስኳር የለም፣ ዳቦ የለም፣ ዘይት የለም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረሃብ ጋር ታግለው ሚዛን ላይ ሲወጡ የቀነሰው 400 ግራም። በማግስቱ እሷም ተመልሳለች።

ታይሮይድ ያለበት ሰው ይህን ሲሰማ አይገረምም። ቀጥሎ የሚመጣውንም ያውቀዋል፦ "አሁንም ሳይበዛብኝ አይቀርም" ብሎ እራቱን ጭራሽ መተው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከሳህኑ ላይ ተጨማሪ ነገር ከማንሳታችሁ በፊት የኪኒናችሁን ነገር አስተካክሉ። ከዚያም ምናልባት ከአሁኑ ትንሽ ጨምራችሁ መብላት ሊኖርባችሁ ነው።

የማወራው ስለ ታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነው። አንገታችን ላይ ከፊት ያለችው የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት እጢ ስትሰንፍ ማለት ነው። በቂ አዮዲን በሚገኝበት አካባቢ ዋናው መንስኤ ሃሺሞቶ ይባላል፤ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ እጢውን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ከገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም፣ ከሃካሩ ሃሺሞቶ ነው። እጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ ወይም በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ታክመው አሁን ሆርሞኑን በኪኒን የሚወስዱም አብረውን ናቸው። ሆርሞኑ የበዛባቸው ግን መንገዳቸው ሌላ ስለሆነ ይህን ለራሳቸው አይውሰዱት።

1. ስንቱ ኪሎ የታይሮይድ እንደሆነ እወቁ

ይህ ብዙ ሰው መስማት የማይፈልገው ነገር ስለሆነ ቶሎ ብዬው ልለፍ። የሆርሞን ማነስ በራሱ የሚያመጣው ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው። እሱም በአብዛኛው ጨውና ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። 15 ኪሎ ከጨመራችሁ ሁሉንም ታይሮይድ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ይህ ማለት ግን "ሰበብ ነው" ማለት አይደለም። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይደክመዋል። ሲደክመው አይንቀሳቀስም። ጡንቻው ያመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ብርድ ይሰማዋል፣ ሙዱ ይወርዳል። ከሥራ ሲመለስ አልጋው ይጠራዋል። የቀረው ኪሎ በዚህ በኩል ነው የሚገባው። እና ይሄኛው የሚስተካከል ነው።

2. ምርመራውን አድሱ

የመጨረሻው ውጤታችሁ የዛሬ ዓመት ከሆነ በእሱ ላይ ተመሥርታችሁ ዳይት አትጀምሩ። ዋናው ምርመራ ቲኤስኤች ነው። ቁጥሩ በተቃራኒው ስለሚነበብ ብዙ ሰው ይደናገራል። እንዲህ አስቡት፦ የአንገቷ እጢ ስትሰንፍ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ሥሪ እንጂ!" ብላ ትጮኻለች። ጩኸቱ ነው ቲኤስኤች። ስለዚህ ከፍ ካለ ሆርሞኑ አንሷል፣ በጣም ከወረደ በዝቷል ማለት ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ጤነኛ የሚባለው መጠን ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። ላቦራቶሪዎች ትንሽ ስለሚለያዩ በወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን መጠን ተመልከቱ።

የኪኒኑ መጠን ከተቀየረ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቁ። በሁለተኛው ሳምንት ተመርምሮ "ምንም አልተለወጠም" ማለት ገና ያልበሰለ ወጥ ቀምሶ ጨው አነሰው እንደማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። በታይሮይድ ምክንያት ፀጉሩ የሚሳሳበት ሰው ብዙ ጊዜ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ቫይታሚን ይጀምራል። ውስጡ ባዮቲን አለ፣ ያውም በርከት ብሎ። ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ ማሽኖችን ያሳስታል፤ ቲኤስኤች ሳይወርድ የወረደ ሊያስመስል ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ወረቀቱን አምኖ ኪኒኑን ይቀንሳል፣ እናንተ ደግሞ ይብስባችኋል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሙት፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

3. ኪኒኑ እውነት ሆዳችሁ ውስጥ እየሠራ ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞኑ ኪኒን፣ ጠባዩ ጭምት ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር መግባት አይወድም። በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውሃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይወሰዳል። ቡና ራሱ ከምግብ ይቆጠራል። ወተት ከገባበትማ አትጠይቁኝ።

የአንዲት ጓደኛዬን ጠዋት ልንገራችሁ። ስልኳ ሲጮህ ትነሳለች፣ ቡናዋን ታፈላለች፣ ኪኒኑን አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ በመጀመሪያው ፉት ታወራርደዋለች። ከጎኑ የብረት ኪኒን አለ፣ ደም ማነስ ስላለባት። አንድም ቀን መድኃኒቷን አልዘለለችም፣ በዚህም ትኮራለች። ቲኤስኤችዋ ግን አልወርድ ብሎ ዓመት ሞላው። ኪኒኑን ወደ ማታ አዛወረችው፣ የብረቱን ወደ ምሳ። መጠኑ ሳይጨመር ቁጥሩ ተስተካከለ። በወሩ ሸንቀጥ አለች ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ከሥራ በኋላ መራመድ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ካልሲየምና ብረት ከኪኒኑ ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቁ። ለጨጓራ የሚወሰዱ ማስታገሻዎችም እንዲሁ ይረብሹታል። ጠዋት የማይመቸው ሰው ማታ ከእራት ቢያንስ 3 ሰዓት በኋላ መውሰድ ይችላል። ዋናው ነገር በየቀኑ በአንድ ዓይነት መንገድ መውሰዱ ነው።

አሁን ከዳይቱ ጋር የሚያገናኘውን ልብ በሉ። ክብደት ለመቀነስ ስትነሱ ምን ጨመራችሁ? የአኩሪ አተር ፕሮቲን ሼክ? የፋይበር ዱቄት? ብረትና ካልሲየም ያለበት መልቲቫይታሚን? ሁሉም ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያግዱት ይችላሉ። ዳይቱ ራሱ ሆርሞናችሁን እየሰረቀ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መጣል አያስፈልግም፤ ከኪኒኑ አርቁት ብቻ።

አንድ ቀን ብትረሱ አትደንግጡ። ሆርሞኑ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። "ቶሎ እንድቀጥን" ብላችሁ ግን በራሳችሁ ሥልጣን አትጨምሩት። ትርፍ ሆርሞን የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ዳይቱን አቁማችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ደውሉ፤ በእርግዝና ወቅት የኪኒኑ መጠን ብዙ ጊዜ መጨመር አለበት።

4. ራሳችሁን ማስራቡን አቁሙ

እጢዋ በአብዛኛው የምታመነጨው ቲ4 የሚባለውን ሆርሞን ነው፤ ኪኒኑም እሱው ነው። ሰውነት ግን የሚሠራው በቲ3 ነው፤ ቲ4ን እየለወጠ ይጠቀምበታል። ሰው ሲራብ ሰውነት ይህን ለውጥ ይቀንሳል። ረሃብ የመጣ ስለሚመስለው ይቆጥባል። ይህ የታይሮይድ ችግር በሌለበት ሰውም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የሚባል ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ረሃብ አቆይቷቸው ነበር። ክብደታቸው ሩብ ያህል ወረደ። ነገር ግን ሁልጊዜ ይበርዳቸው ነበር፣ ተጫጫናቸው፣ ከምግብ በቀር የሚያስቡት ጠፋ። የሆርሞን ማነስ ምልክቶችን ዝርዝር ከጎኑ አስቀምጡትና አወዳድሩ።

ስለዚህ ታይሮይድ ያለበት ሰው ራሱን ሲያስርብ በድካም ላይ ድካም ነው የሚደርበው። ከዚያ አርብ ማታ ላይ ማዕበሉ ይመጣል። አምስት ቀን የተጠራቀመ ረሃብ በሁለት ቀን ይካሳል። ሰኞ ጠዋት ጸጸት፣ ከዚያ እንደገና ሾርባ። ይሄ የባህርይ ድክመት ሳይሆን ሰውነት ዕዳውን ሲያስከፍል ነው።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ። አንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ የምትበሉትን ሁሉ ጻፉ። ቅዳሜና እሁድንም፣ ከልጆች ሳህን የተቀመሰችውንም። ዘይቱን ከጠርሙሱ ከማንቆርቆር በማንኪያ ለኩት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። በአንድ ድስት ላይ ሦስት ማንኪያ ሳይታሰብ ይፈሳል። የቀኑን አማካይ ካወቃችሁ በኋላ ከእሱ ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ብቻ ቀንሱ። በቀን 800 ካሎሪ የሚባሉት ዳይቶች ያለ ሐኪም ክትትል አይሞከሩም።

5. ሳህኑ ላይ ምን ይሁን?

ፕሮቲን ይቅደም። ጡንቻ እንዳይቀልጥ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ጥሩ መነሻ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሥጋ፣ እርጎ፣ የተመቻችሁን። አስኳሉንም ብሉት እባካችሁ። አትክልትና ጥራጥሬ ለሆድ ድርቀቱም ይረዳሉ።

አሁን ስለ "የተከለከሉ" ምግቦች። ጎመን አትብሉ የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። የበሰለ ጎመን በወጉ ቢበላ ችግር የለውም። ስንዴ ሁሉም ሰው ይተው የሚለውም መሠረት የለውም። ሃሺሞቶ ያለባቸው ሰዎች ላይ ግን ሴሊያክ የሚባለው፣ በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይታያል፤ እሱ ያለበት ሰው ስንዴ መተው ግዴታው ነው። ከጠረጠራችሁ ስንዴውን ከመተዋችሁ በፊት ተመርመሩ፤ ከተዋችሁ በኋላ ምርመራው ላያሳይ ይችላል። አዮዲን ደግሞ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል። "ለታይሮይድ" ተብለው የሚሸጡ የባሕር አረም እንክብሎች ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጡና እጢውን ሊጎዱ ይችላሉ።

6. ከወንበር ተነሱ፣ በቀጥታ ትርጉሙ

ጂም መመዝገብ አይጠበቅባችሁም። ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እጅ ሳትደገፉ ተነሱ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ስምንት ጊዜ። አረፍ በሉና ድገሙ። ይህን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በሌሎቹ ቀናት አሥር ደቂቃ እርምጃ። ቲኤስኤች ገና ካልተስተካከለ ጡንቻ ቶሎ ይዝላል፣ ማግስቱንም ያማል። ስለዚህ በዝግታ ጨምሩ።

7. ሚዛኑን በትክክል አንብቡ

የአንድ ቀን ቁጥር ውሸታም ነው። ይህን ከሰኞ እስከ እሁድ የተጻፈ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ተመልከቱ፦ 78.4፣ 79.1፣ 78.2፣ 78.9፣ 78.0፣ 78.6፣ 78.1። ማክሰኞን ብቻ ያየ ሰው ዳይቱን ይረግማል። አማካዩ ግን 78.5 ነው። የሚቀጥለው ሳምንት አማካይ 78.2 ከሆነ 300 ግራም ወርዷል፣ በደንብ እየሠራ ነው። ጨው የበዛበት እራት፣ የወር አበባ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሁሉም ውሃ ይይዛሉ። በወር አንዴ ወገባችሁንም በሜትር ለኩ። ሚዛኑ ቆሞ ቀበቶው የሚላላበት ወር አለ።

8. ይህም ሁሉ ሆኖ ካልወረደ

ቲኤስኤች ተስተካክሎ፣ ማስታወሻው በሐቀኝነት ተጽፎ፣ ሦስት ወር ካለፈና አማካዩ ካልተነቃነቀ ሌላ ነገር ፈልጉ። ማታ በኃይል ታንኮራፋላችሁ? ጠዋት ሳይወጣላችሁ ትነሳላችሁ? የእንቅልፍ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ችግር ሊሆን ይችላል። የወር አበባ መዛባት ካለ ስለ ፒሲኦኤስ (የሴቶች የሆርሞን መዛባት ነው) ጠይቁ። ስቴሮይድ፣ ኢንሱሊን፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፤ በራሳችሁ አታቁሟቸው፣ አማራጭ ካለ ግን ሐኪሙን ጠይቁ። ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። "ምንም አልበላም" ከሚለው ቃል ይልቅ የሦስት ወር ጽሑፍ ክርክር ያሳጥራል።

እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶችም ከሐኪም ጋር ሊመከርባቸው ይችላል። ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር በራሳችሁ ወይም በቤተሰብ ከነበረ ግን መጀመሪያ እሱን ተናገሩ፤ ያኔ አይሰጡም።

በመጨረሻ፣ ክብደቱ በደንብ ሲወርድ የድሮው የኪኒን መጠን ሊበዛባችሁ ይችላል። ልብ ድው ድው ካለ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ "ዳይቱ ሠራልኝ" ብላችሁ አትለፉት። ቲኤስኤችን እንደገና አሠሩ።