የቴኳንዶ ቀበቶ ፈተና፦ ከመክፈልዎ በፊት የሚጣራው

ልጅዎን ቴኳንዶ ሲያስመዘግቡ ወርሃዊውን ክፍያ ብቻ ጠይቀው አይመለሱ። ኪስ የሚጎዳው ፈተናው ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር ስንት ፈተና እንዳለ፣ በየስንት ወሩ እንደሚሰጥና የእያንዳንዱን ዋጋ ጠይቀው መልሱን በወረቀት ይያዙ።

ከጥቁር በፊት ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ኩፕ ይባላል፤ ቁጥሩ ወደ ታች ይቆጠራል። በተለመደው አሠራር ከ10ኛ ኩፕ (ነጭ) 1ኛ ኩፕ ለመድረስ 9 ፈተና አለ፤ 10ኛው የጥቁር ቀበቶው ነው። በየ3 ወሩ ቢፈተን 30 ወር ይሆናል። አንዳንድ ክለብ ግን በየመሃሉ ቀበቶው ጫፍ ላይ ባለቀለም ፕላስተር እየለጠፈ ያስከፍላል፤ ያኔ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀበቶው፣ ሰርተፍኬቱና የሚሰበረው ጣውላ በዋጋው ውስጥ መኖራቸውን፣ የወደቀ ልጅም ድጋሚ ይከፍል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከመክፈልዎ በፊት ልጁ ፑምሴውን (በቅደም ተከተል የሚሠራውን የእንቅስቃሴ ልምምድ) ያለ አሰልጣኝ ቆጠራ ሲሠራ ይዩት። የመጀመሪያው ፑምሴ፣ ታጉክ 1፣ የሚያልቀው በተጀመረበት ቦታ ላይ ነው። መነሻው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ አንድ እርምጃ ርቆ ከጨረሰ አቋቋሙ ተዛብቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አጭሩን አቋቋም (አፕ ሶጊ) ከረጅሙ አቋቋም (አፕ ኩቢ) ጋር ማምታታት ነው። እንዲህ ከሆነ ለሚቀጥለው ዙር ያቆዩት፤ ገንዘቡም ይተርፋል።

የቀለም ቀበቶ ሰርተፍኬት የክለቡ ነው። ሴኡል የሚገኘው የቴኳንዶ ዋና ማዕከል ኩኪዎን የሚመዘግበው የጥቁር ቀበቶ ደረጃዎችን፣ ማለትም ፑምን (የልጆች) እና ዳንን ብቻ ስለሆነ፣ ለቢጫ ወይም ለአረንጓዴ ቀበቶ «ለኮሪያ የሚላክ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ደረሰኝ ይጠይቁት። (ክለቡ አይ ቲ ኤፍ የሚባለው የሌላ ቴኳንዶ ፌዴሬሽን ከሆነ ኩኪዎን ከነጭራሹ አያገባውም።) ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚያገኘው ፑም ነው፤ ቀበቶውም ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው።

እኛ ዘንድ ለኩኪዎን በሚሞላው ቅጽ ላይ የሚበላሸው የልደት ቀን ነው። ጥር 5 ቀን 2003 በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 2011 ነው፤ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ስሙም በፓስፖርቱ ፊደል አንድ በአንድ ይጻፍ። ሰርተፍኬቱ ሲመጣ ቁጥሩን በኩኪዎን ድረ ገጽ ያጣሩ። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ዳን ቢያንስ 1 ዓመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ደግሞ 2 ዓመት መጠበቅ ግድ ነው፤ «በ6 ወር እናሳልፈዋለን» ለሚል አይክፈሉ።