ሻጩ በኪሎ፣ እናንተ በግራም፦ ከአሮጌ ዕቃ መሀል የድሮ ውድ ዕቃ እንዴት ይለቀማል

ቆራሌው «ቆራሊዮ!» እያለ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ጆንያው ውስጥ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጫማ፣ የተሰበረ ብረት ድስት ይገባል። አልፎ አልፎም ከአያት ሣጥን ሥር የወጣ፣ ባለቤቱ ምን እንደሆነ ያላወቀው ዕቃ አብሮ ይገባል። ብዙው ዞሮ ዞሮ መርካቶ ይደርሳል፤ ብረታ ብረቱ ምናለሽ ተራ ይራገፋል። እዚያ ዋናው ዳኛ ሚዛን ነው። ነሐሱ፣ መዳቡ፣ አሉሚኒየሙ ሁሉ የየቀኑ የኪሎ ዋጋ አለው። ስለዚህ ከባድ የነሐስ ሙቀጫ ወይም የድሮ ፕሪሙስ ስትጠይቁ ሻጩ ቢቀልጥ ከሚያወጣው በታች አይወርድም። ቀላሉ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ መነሻ ዋጋ የለውም። የሙዚቃ ሸክላ፣ ካሜራ፣ ፎቶግራፍ፣ አንድ ሁለት የብር ሳንቲም እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ቢታሰቡ የረባ ነገር ስለማያወጡ ዋጋቸው የሚቆረጠው በአፍ ነው። ትርፉም መታለሉም ያለው እነሱ ላይ ነው።

ከቤት ስትወጡ የምትይዙት

ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት የኪስ ሚዛን ያዙ፤ 0.01 ግራም የሚያነብና እስከ 200 ግራም የሚመዝን ይሁን። ትንሽ ግን ኃይለኛ ማግኔት ያስፈልጋችኋል፤ ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚወጣው ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያጎላ የሰዓት ሠሪ ሌንስ፣ የስፌት ክር፣ ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ፣ ግማሽ ሊትር ውሃና ስስ ጨርቅ ጨምሩበት። ብሩንም ዘርዝሩት። ስንት ተከራክራችሁ ካስቀነሳችሁ በኋላ ባለ 200 ኖት ብታወጡ የሚከተለው «ዝርዝር የለኝም» ነው።

የት? መቼ?

የተደረደረ ዕቃ ለማየት ጠዋት ይሻላል። ገና ያልተለየ ዕቃ ለማየት ደግሞ ቆራሌዎቹ የቀን ለቀማቸውን ለተረካቢ የሚያራግፉበት ሰዓት፣ ማለትም ከሰዓት በኋላ ነው። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲቃረቡ ቤት ስለሚጸዳ ጆንያው ይወፍራል። የዋዜማው ዕለት ግን መርካቶ መግባት ለኪስ ሌባ ሲሳይ መሆን ነው።

ከአገር የሚወጡ የውጭ ዜጎች በየቤታቸው የሚያደርጉት ሽያጭ ሌላ ጠባይ አለው። ትንንሹና ጥሩው ዕቃ በመጀመሪያው ሰዓት ያልቃል፤ በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ ትልልቁ ይረክሳል፤ ሻጩ የአውሮፕላን ቀን ቆርጧልና።

የመሥሪያ ቤቶች ጨረታም አለ። «ያገለገሉ ንብረቶች ሽያጭ» የሚለውን ማስታወቂያ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ተከታተሉ። ሰነድ ትገዛላችሁ፣ በተፈቀደው ቀን ዕቃውን ታያላችሁ፣ ማስያዣውን ብዙ ጊዜ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ታስይዛላችሁ። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃው በሎት፣ ማለትም ተደባልቆ በአንድ ምድብ፣ መሸጡን ሲዘነጋ ነው። የአማርኛ ፊደል ያለው ኦሊቬቲ ታይፕራይተር አማሯችሁ ሎቱን ብታሸንፉ አብረውት የተከመሩትን የተሰበሩ ወንበሮችም በቀነ ገደቡ ማንሳት አለባችሁ። የመኪናና የጫኝ ሒሳቡን ዋጋ ከመሙላታችሁ በፊት ሥሩት። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃልም ማለት የሚፈልገውን ነው፤ ከተረከባችሁ በኋላ አቤቱታ የለም።

ጠገራ ብርን በውሃ መፈተን

ጠገራ የሚባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር ላይ ሁልጊዜ 1780 ተጽፏል። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ከሞተች በኋላም ብሩ በዚሁ ቀን እየተመታ ቀጠለ፤ ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተመትቷል። ስለዚህ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» የሚላችሁ ሻጭ የግድ እየዋሸ አይደለም፤ እሱም ያነበበውን ነው የሚነግራችሁ። ለእናንተ ግን ቀኑ ምንም አያረጋግጥም። የሚጠቅማችሁ ይህ ነው፦ ክብደቱ 28.07 ግራም፣ የብርነት ደረጃው ከ1000 እጅ 833፣ ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር። ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ይሆናል። በኋለኛው ዘመን የተመታውም ትክክለኛ ከሆነ ያው ብር ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ማግኔቱን አስጠጉ። ከሳበው መልሱለትና ሂዱ። ካልሳበው ግን ገና ምንም አልታወቀም፤ ነሐስም እርሳስም ማግኔት አይስባቸውም።

2. ጠርዙን በሌንስ እዩ። ዙሪያውን ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላትና ጌጦች መኖር አለባቸው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ ወይም እንደ ስፌት ያለ መስመር ዙሪያውን ከሄደበት፣ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። የፈሰሰ ሳንቲም ፊቱም በትንንሽ ነቁጦች የተሞላ፣ የንግሥቲቱ ፀጉርም የቀለጠ ሰም የመሰለ ይሆናል።

3. መዝኑት። በአንገት ሲንጠለጠል የኖረ ሊሳሳ ስለሚችል ትንሽ ቢጎድል አያስደነግጥ። 25 ወይም 30 ግራም ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

4. በውሃ ፈትኑት። ኩባያውን ግማሽ ድረስ ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም አውርዱት፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማንበብ አለበት። ደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ ወደ 10.2 ይመጣል፤ ከ10 እስከ 10.4 ያለውን ተቀበሉ። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቢሆን ንባቡ 3.1 ይደርሳል፣ ነሐስ ቢሆን 3.3 ያህል።

ፈተናው የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። ሳንቲሙ የኩባያውን ታች ከነካ ሚዛኑ ሙሉ ክብደቱን ያነባል። የአየር ፊኛ ከተጣበቀበት ንባቡ ስለሚጨምር እውነተኛውን ሐሰተኛ ያስመስለዋል፤ ክሩን ነቅነቅ አድርጉት። ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ ደግሞ ብየዳው ቁጥሩን ያዛባዋል። ውስጡ እርሳስ ሆኖ ላዩ ብር የተለበጠ ቢገጥማችሁ ንባቡ ዝቅ ሊል ወይም ተቀላቅሎ ትክክል ሊመስል ይችላል። እሱን የሚያጋልጠው ድምፁ ነው። በጣታችሁ ጫፍ አስቀምጣችሁ በሌላ ሳንቲም ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ብር ያቃጭላል፣ እርሳስ ያለበት ዱብ ብሎ ይቀራል።

ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብርም በክብደትና በጥራት ከጠገራው ጋር እኩል ስለሆነ ፈተናው አይለወጥም። ዓመቱ ግን በግእዝ ቁጥርና በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889 ዓ.ም. ነው።

ስለ ቀን ከተነሣ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም ያታልላሉ። ፲፱፻፴፮ የሚለው ዓመት ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ስለተመታ የአንዱን ሳንቲም ዕድሜ አይናገርም። ከነዚህ ውስጥ ብር የሆነው ሽልንጉ፣ ማለትም ባለ 50ው ነው፤ ወደ 7 ግራም ይመዝናል፣ በውሃ ፈተና 0.7 ያነባል። ስሙኒው መዳብ ነው። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ብር እየተቀባ በሽልንግ ስም ስላለፈ ጠርዙ እንደ አበባ ተቆረጠ። ክብና ነጣ ያለ ስሙኒ ካጋጠማችሁ በዚህ ዓይን እዩት።

አንድ ነገር ከሁሉ በላይ፦ ሳንቲም አታጽዱ። አመድ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና አንዱም አይነካው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን የጠቆረ ፊት ነው፤ የተፈተገ ሳንቲም ዋጋው የብሩ ክብደት ብቻ ይሆናል።

የአንገት መስቀልና ጌጥ

የድሮ ብር ጌጥ ብዙው ጠገራ ቀልጦ የተሠራ ነው። ዛሬ ደግሞ ከነጭ ብረት ተሠርቶ በጥቁር ቀለም የሚያረጅ ሞልቷል። ልዩነቱን ፊቱ ላይ አትፈልጉት፤ ማተቡ የሚያልፍበትን ቀለበት ውስጡን እዩ። ለዓመታት የተንጠለጠለ መስቀል ቀለበቱ ላይኛው ክፍሉ በክር ተበልቶ ይሳሳል። ጥቁረቱ በየስንጥቁ ሞልቶ ቀለበቱ ግን ወፍራምና እኩል ከሆነ፣ ያረጀው ባለፈው ሳምንት ነው።

የብራና መጽሐፍ፣ የካህን የእጅ መስቀል፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ የሚመስል ሥዕል ግን በምንም ዋጋ አትግዙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥም ተጠያቂ ናችሁ። ለውጭ ዘመድ ልትልኩ ካሰባችሁ፣ የድሮ የሚመስል ማንኛውንም ዕቃ አስቀድማችሁ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዩ። ቦሌ ሻንጣ ተከፍቶ ከመከራከር ይሻላል።

ሸክላ

የአምሃ ሪከርድስ (እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975)፣ የካይፋና የፊሊፕስ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ሰብሳቢ የሚራኮትባቸው ናቸው። ዘፋኙ ታዋቂ መሆኑ ብቻ ዋጋ አያወጣም። የሚያወጣው ሁኔታው ነው፤ አብዛኛውም በየመሸታ ቤቱ እስኪያልቅ ተዘፍኖበታል።

ሸክላውን ወደ ዓይናችሁ ከፍታ አምጥታችሁ ከጎን እዩት፤ እንደ ሰሃን ከጎበጠ መርፌው ይዘላል። ከዚያ የስልኩን መብራት በአግድም አብሩበት። ላዩን የሄደ ቀጭን ጭረት እምብዛም አይጎዳም። ጥፍር የሚይዝ ጭረት «ቋ፣ ቋ» እያለ ይመታል፣ ወይም እዚያው ላይ ያደናቅፋል። ጭረት የሌለው ነገር ግን መስመሮቹ አመድማ የሆኑ ሸክላ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ያረጀ መርፌ በልቶታል፣ በእጥበት አይመለስም። ሻጋታና ጭቃ በአንጻሩ ይታጠባሉ፤ የሚያስፈራ መልክ ያለው ቆሻሻ ሸክላ ከሚያብረቀርቀው ግራጫ ይበልጣል። በመጨረሻ መሀል ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አጠገብ ባለው ልሙጥ ቦታ የተጫረውን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ባርኮድ ያለው ካርቶን ከመጣ፣ በቅርቡ ውጭ አገር እንደገና የታተመ ነው፤ ለማዳመጥ ጥሩ ነው፣ በድሮው ዋጋ ግን አትግዙት።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ

ሻጩ «ይሠራል፣ ሰካውና እይ» ቢላችሁም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 110 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ሄርዙን ግን አያስተካክለውም። ሞተሩ በመስመሩ ሄርዝ የሚሽከረከር የሸክላ ማጫወቻ በእኛ 50 ሄርዝ 45 ዙሩ 37.5 ይሆንና ዘፈኑ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። የመስታወት ቱቦ ያለው የድሮ ሬዲዮ ከሆነ ደግሞ ሳትሰኩት ለሬዲዮ ጠጋኝ ውሰዱ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ደርቀው ከሆነ በመጀመሪያው ደቂቃ ትራንስፎርመሩን ያቃጥሉታል፤ የድሮ ትራንስፎርመር ደግሞ ምትኩ አይገኝም።

ካሜራ ላይ ሁለት ነገር ይበቃል። የባትሪውን ቤት ክፈቱ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ጥቂት ሎሚ በጥጥ ነክራችሁ ልታነሡት ትችላላችሁ፣ ሽቦው ድረስ ከበላ ግን ተዉት። ሌንሱን ደግሞ በመብራት አሻግራችሁ እዩ፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ አትግዙ።

ልባሽ ጨርቅ ላይ ጊዜ አታባክኑ፤ የአንገቱን ወረቀት ብቻ አንብቡ። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1990 በፊት የተሰፋ ነው። ቀዩ ምልክቱ ላይ የሊቫይስ ስም በሙሉ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ጂንስም እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት የነበረው ዓይነት ነው፤ ፋብሪካው በኋላ አስመስሎ የሠራውም ስላለ ዚፑና ስፌቱም ያረጁ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ዋጋ መቁረጥ

የፈለጋችሁትን ዕቃ መጀመሪያ አታንሡ። ከጎኑ ያለውን ጠይቁ፣ የሱን ዋጋ ስሙ፣ ከዚያ የልባችሁን «ይህስ?» በሉ። ሚዛኑን አውጥታችሁ ስትመዝኑ ሻጩ ዕቃው ውድ መሆኑን ይጠረጥራል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት የማይረባ ነገርም አብራችሁ መዝኑ። «ጋሼ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነተኛው ነው። ከዚያ ወዲያ መጎተት ያስከፋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጥሩ ዕቃ ሲገባ ደግሞ ስልክ የሚደወልለት ያላስከፋው ሰው ነው። የመብራት ወይም የስልክ መስመር ሽቦ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ስም የተቀረጸበት የመሥሪያ ቤት ዕቃ ከቀረበላችሁ ዋጋም አትጠይቁ። ውድ ነገር ስትገዙ በወረቀት ላይ አስፈርሙ፤ ይህን እምቢ የሚል ሻጭ ዕቃው ከየት እንደመጣ ነግሯችኋል።

ቤት ስትገቡ

ሸክላውን ለማጠብ 1 ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና 3 ጠብታ ጨምሩ። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ ሆኖም ከጎኑ የሚደረደረው አሲድ እንዳይሰጣችሁ ጠርሙሱን አንብቡ። ስስ ጨርቅ ነክራችሁ መስመሩን ተከትላችሁ ዙሩ፣ አቋርጣችሁ አትፈትጉ፣ መሀል ያለውን ወረቀት አታርጥቡ። በንጹሑ የተጣራ ውሃ አለቅልቁና በጠርዙ አቁማችሁ ከፀሐይ ውጭ አድርቁ፤ ፀሐይ ያጎብጠዋል። ባለ 78 ዙሩ የጥንቱ ሸክላ ላይ አልኮል ጠብ አታድርጉ፣ ያሟሟዋል። የደረቀውንም ወደ አሮጌ ካርቶኑ አትመልሱት፤ ሻጋታው ያለው እዚያ ነው። አዲስ የወረቀት ከረጢት ሥሩለትና ካርቶኑን ለብቻው ከኋላው አስቀምጡ።