የሱቃችሁን ታፔላ ከመስቀላችሁ በፊት፦ ፈቃዱን የሚያወጣው ማን ነው?

ታፔላ ሠሪው «ፈቃዱን እኛ እንጨርሰዋለን» ይላል። አከራዩ «ስቀሉ፣ ማን ይከለክላችኋል» ይላል። ተከራዩ ሁለቱንም አምኖ ቀብድ ይከፍላል። በኋላ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ፈቃድ ሲጠይቅ ግን የሚጠራው ስሙ ታፔላው ላይ የተጻፈው ነጋዴ ነው። ታፔላ ሠሪው ሒሳቡን ተቀብሎ ሌላ ሥራ ላይ ነው። አከራዩም ስልክ አያነሳም።

መሀል አዲስ አበባ ላይ ሱቅ፣ ካፌ፣ ክሊኒክ ወይም ቢሮ ልትከፍቱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ ቀብድ ሳይከፈል መታወቅ አለበት፤ በወረቀትም መስፈር አለበት። ሩጫውን ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል። ተጠያቂነቱ ግን እናንተው ጋ ይቀራል።

መጀመሪያ፦ ግድግዳው የማን እንደሆነ አረጋግጡ

የተከራያችሁት ክፍሉን ነው። የሕንፃው የውጭ ግድግዳ በኪራይ ውሉ ላይ ካልተጠቀሰ የእኔ ነው ብላችሁ መብሳት አትችሉም። ስለዚህ ከባለቤቱ የጽሑፍ ስምምነት ውሰዱ። ደብዳቤው ታፔላው የት እንደሚሰቀል፣ ስንት በስንት እንደሆነ፣ መብራት እንዳለውና እንደሌለው ይናገር። የሚፈርምላችሁ ወኪል ከሆነ ውክልናውን አይታችሁ ኮፒውን ያዙ።

መሀል ከተማ ውስጥ ባለቤቱ ሁልጊዜ ግለሰብ አይደለም። የቀበሌ ቤት ከሆነ ወረዳውን፣ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤት ከሆነ ኮርፖሬሽኑን መጠየቅ አለባችሁ። ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ያለ ሱቅ ከሆነ ደግሞ የሱቁ ባለቤት ፊርማ ብቻውን አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከየቤቱ ውጪ ያለው የሕንፃ ክፍል የጋራ ነው። የቤት ባለቤቶቹን ማኅበርም አነጋግሩ። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ባሉት አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቧል? ከተመዘገበ የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ይመለከታችኋል። ቅርስ ለሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ሳያሳውቁ አንድ ፊሸር እንኳ አይመታበትም። እነዚያ ግድግዳዎች ከእኛም ከሱቆቻችንም በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ሊከበሩ ይገባል።

ቀጥሎ፦ መንገዱን እዩ

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ከፒያሳ በአራት ኪሎ አድርጎ ወደ ቦሌ የሚወስደውን መስመር ጨምሮ የብዙ ዋና መንገዶች ገጽታ ተቀይሯል። የሕንፃ ቀለም፣ የውጭ መብራትና የታፔላ አቀማመጥ እንደ ድሮው እያንዳንዱ እንደፈለገ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ተከራይ ትልቅ ላይት ቦክስ (ከውስጥ የሚበራ ታፔላ) ሰቅሎ ስለነበር እሱም ልክ እንደዚያው ያሠራል። የቀድሞው ተከራይ ፈቃድ ነበረው? ቢኖረውስ ዛሬ ላይ ይሠራል? ጎረቤት መስቀሉ ማስረጃ አይሆንም። ዲዛይን ከማሠራታችሁ በፊት ክፍለ ከተማችሁ ወይም ወረዳችሁ ሄዳችሁ የውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ በእናንተ መንገድ ላይ ምን መጠንና ምን ዓይነት ታፔላ እንደሚፈቀድ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና በየስንት ጊዜው እንደሚታደስ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ እንጂ ሠሪውን አትላኩ።

«የእኔ ትንሽ ናት፣ ፈቃድ አያስፈልጋትም» የሚልም አለ። የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 ከቤት ውጭ የሚሰራጭ ማስታወቂያ ሲል ቢልቦርድን ብቻ አይደለም። ሕንፃ ላይ የተጻፈና የተለጠፈ፣ ባነር፣ ፖስተር፣ ስቲከር ሁሉ ውስጡ አለ። ትንሽ ስለሆነ ያልፋል ከማለት መጠየቅ ይሻላል።

ለማመልከቻው የምትይዙት ብዙ አይደለም። የንግድ ፈቃድና ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የኪራይ ውል፣ የባለቤቱ ደብዳቤ፣ የሕንፃው የፊት ፎቶና ልኬቱ የተጻፈበት ዲዛይን ይዛችሁ ሂዱ። የጎደለ ካለ እዚያው ይነግሯችኋል። ታፔላው ላይ የሚጻፈው ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው የንግድ ስም ጋር ይመሳሰል። የውጭ ቋንቋ የምትጨምሩ ከሆነ አማርኛውን አስቀድሙ።

ከሠሪው ጋር የሚደረገው ውል

ጠቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

«ከነፈቃዱ» የሚል ጥቅል ዋጋ ስትሰሙ ቆም በሉ። ከነፈቃዱ ማለት ምን ማለት ነው? ማመልከቻ ማስገባት ብቻ ነው ወይስ ፈቃዱን በእጅ ማስረከብ? የመንግሥት ክፍያው ውስጡ አለ? ዲዛይኑ ይስተካከል ከተባለ የማስተካከያውን ማን ይከፍላል? ከተከለከለስ ቀብዱ ይመለሳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሠሪው በግልጽ ካልመለሰ፣ ወይም «እዚያ ሰው አለን» ካላችሁ፣ ሌላ ሠሪ ፈልጉ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሰነድ ነው የሚያወራው።

ውሉ ላይ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ አስገቡ፦

«ለሥራው የሚያስፈልገውን የውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ በአሠሪው ስም አስጨርሶ የሚያስረክበው ሠሪው ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይሰጥ ማምረትም ሆነ መስቀል አይጀመርም። የመንግሥት ክፍያ በአሠሪው ስም በተቆረጠ ደረሰኝ ለብቻው ይከፈላል። ፈቃዱ ከተከለከለ የዲዛይን ዋጋ ብቻ ተቀንሶ ቀሪው ቀብድ ይመለሳል።»

ፈቃዱን ራሳችሁ የምታወጡ ከሆነም ጻፉት። ያኔ ሠሪው ልኬት ያለው ዲዛይንና የብረት ሥራውን ዝርዝር በተባለው ቀን እንዲሰጣችሁ አስገድዱ፤ እነሱ ከሌሉ ማመልከቻው አይንቀሳቀስም። በየትኛውም መንገድ ፈቃዱ በእናንተ ስም ይሁን። በሠሪው ስም ከወጣ ነገ ስትጣሉ ወረቀቱ እሱ ጋ ነው።

ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፦ ለዲዛይን፣ ፈቃዱ እጃችሁ ሲገባ፣ ከተሰቀለ በኋላ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። ስለዚህ ሠሪው ቃሉን ካጠፈ ይህን ውል ይዛችሁ ትጠይቁታላችሁ። ለደንብ አስከባሪው ግን ውሉ መልስ አይሆንም። እሱ የሚያየው ፈቃዱን ነው።

የሚሰቀልበት ቀን

ፈቃዱ ላይ ያለው ልክና ሠሪው ያመጣው ታፔላ አንድ መሆኑን መሬት ላይ እያለ በሜትር ለኩ። ከተሰቀለ በኋላ ማውረድ ሌላ ወጪ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገቡ ካለ ሠራተኞቹ ፍሬሙን ከማንሳታቸው በፊት የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን አነጋግሩ። ረጅም ብረት ይዞ ሽቦ ሥር መሥራት ሰው ይገድላል። ምሰሶ ለመትከል የእግረኛ መንገድ የሚቆፈር ከሆነ የመንገዶች ባለሥልጣንን ፈቃድ ለብቻው ይጠይቃል። የግድግዳው ልባስ አልኮቦንድ (ስስ የአሉሚኒየም ሰሌዳ) ከሆነ ብሎኑ ከኋላ ያለውን ብረት ወይም ግንብ መያዙን ጠይቁ፤ አልኮቦንድ ብቻውን ክብደት አይሸከምም።

ይህን ሁሉ የምለው ሥሩ የሚያልፍ ሕዝብ ስላለ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2080 ከሕንፃ ላይ የወደቀ ዕቃ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚያደርገው ሕንፃውን ይዞ የሚገለገለውን ሰው ነው። አንቀጽ 2077 ደግሞ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይጠይቃል። አከራያችሁ ደብዳቤ ለመስጠት ሲያመነታ እነዚህን ሁለት አንቀጾች አሳዩት። ጉዳዩ እሱንም እንደሚነካው ሲያይ በደንብ ያዳምጣችኋል።

ከተሰቀለ በኋላ

የፈቃዱን ኮፒ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ሱቁ ውስጥ አስቀምጡ። እናንተ በሌላችሁበት ቁጥጥር ሲመጣ ሠራተኛው የት እንዳለ ይወቅ። የእድሳት ቀኑን ከኪራይ ውሉ ማብቂያ ጋር አንድ ላይ መዝግቡ። ስም፣ መጠን ወይም መብራት ስትቀይሩ ደግሞ የድሮው ፈቃድ ይሸፍነናል ብላችሁ አትገምቱ፤ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ሱቁን ስትለቁ ታፔላውን ማን እንደሚያወርድና ቀዳዳውን ማን እንደሚደፍን በኪራይ ውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ። ስታወርዱም ፈቃዱን ለሰጠው ክፍል በጽሑፍ አሳውቁና ማኅተም ያለበት ኮፒ ተቀበሉ፤ ቀጣዩ ተከራይ ለሚሰቅለው ስማችሁ እንዳይጠራ።