ጠገራ ብር ከመግዛታችሁ በፊት እውነተኛ መሆኑን እንዴት እንደምታረጋግጡ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያም ሆነ ፒያሳ ጠገራ ብር የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ "1780 የሚለውን አየህ፣ የፋሲል ዘመን ነው" ይላችኋል። ፋሲል በፈረንጆቹ 1667 ሞቶ፣ ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግስት ማርያ ትሬዛ እንኳ የተወለደችው በ1717 ነው እኮ። ቁጥሩንም እርሱት። ንግስቲቱ በ1780 ስለሞተች ከዛ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ አመት ይዞ ነው የወጣው፣ የቪየናው ገንዘብ ማተሚያ ዛሬም ለሰብሳቢዎች እያንፀባረቀ ይሰራዋል። በ1935 ደግሞ ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ሲዘጋጅ ማተሚያ ቅርፁን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ፣ እንግሊዞችም ዝም አላሉም ለንደን ላይ ቀጥሎም ህንድ ቦምቤይ ላይ አስመቱ። ስለዚህ የአያታችሁ ጠገራ የሮም ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ፎርጅድ አያሰኘውም፣ ብሩ ያው ብር ነው። ዋናው ጥያቄ የተሰራበት ማዕድን ብር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ፣ ከሳበው ተዉት። ካልሳበው ግን ገና ምንም አላወቃችሁም፣ ነሀስም መዳብም እርሳስም አይሳቡም። ሚዛን ላይ 28 ግራም ግድም መሆን አለበት፣ ትንሽ ያለቀ ከሆነ ይቀንሳል። ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ጠርዙን ዙሪያውን እዩ። ትክክለኛው ላይ ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ፅሁፍ አለ፣ በጣት ይዳሰሳል። በሻጋታ የፈሰሰ ፎርጅድ ላይ ፅሁፉ ይደበዝዛል ወይ ጠርዙ መሀል ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል። ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ይሰሙታል፣ ጥሩ ዘዴ ነው ግን ስንጥቅ ያለበት እውነተኛ ብርም ድፍን ድምፅ ስለሚሰጥ ብቻውን አትመኑት።

አሁን ዋናው፣ የውሃ ሚዛን። እኔ ከሁሉም የማምነው ይሄን ነው። 0.01 ግራም የምታነብ የወርቅ ቤት አይነት ሚዛን ያስፈልጋችኋል፣ የሽንኩርት ሚዛን አይሰራም። መጀመሪያ ብሩን ደረቁን መዝኑና ፃፉት። ከዛ ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፣ ግን ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ ብርጭቆውን ከነካ ቁጥሩ ውሸት ነው። አረፋ ከተለጠፈበት ነቅነቅ አድርጋችሁ አስለቅቁት፣ አንድ ትልቅ አረፋ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። ወፍራም ክርም ውሃ ጠጥቶ ያሳስታችኋል፣ የናይለን ክር ይሻላል።

ሚዛኑ ላይ ወደ 2.75 ግራም ሊያሳይ ይገባል። ደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር ስታካፍሉት 10.2 ግድም ይመጣል፣ ምክንያቱም ጠገራው 83.3 በመቶ ብር ሆኖ የቀረው መዳብ ነው። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ያለቀ ብርም ቢሆን ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ የማካፈሉ ውጤት አይለወጥም። 8.5 ከመጣ ነሀስ ነው፣ 9 አካባቢ ከሆነ መዳብ ነው በላዩ ብር የተቀባ፣ ከ11 በላይ ከሄደ ውስጡ እርሳስ ይኖራል። ሻጩ "ውሃ ያበላሸዋል" ካላችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

የምኒልክን ብር ለመፈተሽም ይሄው ዘዴ ይሰራል፣ ፓሪስ ነው የተመታው፣ የብሩ መጠን 83.5 በመቶ ነው፣ ክብደቱም ያው 28 ግራም ግድም።

ብዙ ጠገራ አንገት ላይ ስለተንጠለጠለ ከላይ በኩል የብየዳ ጠባሳ ፈልጉ። ብሩ እውነተኛ ነው፣ ሰብሳቢ ግን ዋጋ ይቀንስበታል። ብየዳው ትልቅ ከሆነ የውሃውንም ቁጥር ትንሽ ያዛባል።

እቤት ስትገቡ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት እባካችሁ። ጥቁረቱ ዋጋው ነው፣ አንዴ ከተፈተገ አይመለስም፣ ቢበዛ በለብ ያለ ውሃ አለቅልቁትና በጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁት።

ዋጋ ላይ፣ ውስጡ ያለው ንፁህ ብር 23.4 ግራም አካባቢ ነው። የእለቱን የብር ግራም ዋጋ አንጥረኛ ጠይቁና አባዙት፣ ከዛ በላይ የሚጠየቀው ለእድሜውና ለወሬው ነው፣ በዛ ላይ ተከራከሩ። ውጭ ሀገር ላለ ዘመድ መላክ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ የቅርስ ፈቃድ ጉዳይ ጠይቁ፣ ኤርፖርት ላይ ቦርሳ ተከፍቶ መጨቃጨቅ ሌላ ጣጣ ነው።