«ሴኪዩሪቲ ፒን አለው» የተባለ ቁልፍ፦ ስንገዛና ስናስጠግን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ እስከ ለገጣፎ፣ አዲስ ቤት የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የበሩን ቁልፍ ይቀይራል። ደግ አደረገ፤ በያጁም ቀለም ቀቢውም ሲገቡበትና ሲወጡበት የነበረው ቁልፍ ስንት ኮፒ እንዳለው ማንም አያውቅም። ሱቅ ሲደርስ ግን ሻጩ «ይኼ ኦሪጅናል ነው፣ ሴኪዩሪቲ ፒን አለው» ይለዋል፣ እሱም ጨምሮ ይከፍላል። ስለ ፒኑ የሚነግረው ስለሌለ የከፈለበትን ጥቅም በጥቂት ወራት ውስጥ ያጣዋል። ይኼ ያሳዝነኛል፤ ብዙው ሰው ለዚያ በር የደረሰው በቁጠባና በዕቁብ ነውና።

መጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ። በተለመደው ሲሊንደር (የበሩ ቁልፍ መክፈቻው የሚገባበት አካል) ውስጥ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ቀዳዳዎች ተደርድረው ይገኛሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከታች አንድ ፒን፣ ከላዩ ሌላ ፒን፣ ከዚያ በላይ ሞላ አለ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁለቱ ፒኖች የሚለያዩበት ቦታ በሚዞረውና በማይዞረው አካል መካከል ካለው መስመር ጋር ይገጥማል፣ ቁልፉም ይዞራል። የጥንት ግብፆች ይህንኑ ሐሳብ በእንጨት ሠርተውበታል። የዛሬውን መልክ ያስያዙት ግን አሜሪካውያኑ ሊነስ ዬል፣ አባትና ልጅ ናቸው፤ አባትየው በ1848 እ.ኤ.አ.፣ ልጅየው ደግሞ በ1861 እና በ1865 ፓተንት አወጡ።

ፒኖቹ ዙሪያቸው ልሙጥ ከሆነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሌባ ያለ ቁልፍም ሊያስተካክላቸው ይችላል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው የፒኑን፣ ብዙ ጊዜ የላይኛውን፣ ቅርጽ መቀየር ነው፦ ወገቡ የቀጠነ፣ እንጉዳይ የሚመስል፣ ዙሪያውን በቀጫጭን መስመር የተሰረሰረ። «ሴኪዩሪቲ ፒን» የሚባለው ይኼ ነው። ያለ ቁልፍ ሲነካኩት የቀጠነው ወገብ መስመሩ ላይ ይቀመጥና ሲሊንደሩ ጥቂት ዞሮ ቀጥ ይላል። ሌባው ተከፈተልኝ ሲል ፒኑ ይዞታል ማለት ነው።

ሁሉንም «ሴኪዩሪቲ ፒን» አንድ አድርጎ ማየት

ወገበ ቀጭኑ ፒን ለፋብሪካ ርካሽ ስለሆነ በመካከለኛ ዋጋ ቁልፍ ውስጥም ይገኛል። ከዚያ በእጅጉ የሚለዩ ሥራዎችም አሉ። የእስራኤሉ መልቲሎክ በፒን ውስጥ ሌላ ፒን ያስገባል፤ ውጪኛውም ውስጠኛውም በየራሳቸው ልክ መነሳት አለባቸው። የአሜሪካው ሜዴኮ ፒኖች ደግሞ መነሳት ብቻ ሳይሆን በተወሰነ አቅጣጫ መዞርም አለባቸው፤ ስለዚህ የቁልፉ ጥርስ በሰያፍ የተቆረጠ ነው። ሻጩ ስሙን ሲጠራላችሁ «የትኛው ዓይነት ፒን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው በዚያ ስም ዋጋ አትጨምሩ።

ፒኑን አምኖ ሲሊንደሩን አለማየት

የትኛውም ልዩ ፒን የሚሠራው በጥንቃቄ በተሠራ ሲሊንደር ውስጥ ነው። ቀዳዳው ከፒኑ ከሰፋ፣ የሚዞረው ክፍል ከተንገዋለለ፣ ቅርጹ ሌባውን የሚይዝበት ጉልበት ያጣል። ይህን ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ቁልፉን ከትታችሁ ሳታዞሩ ወዲያና ወዲህ ነቅንቁት፤ ዓይናችሁ ቁልፉ ላይ ሳይሆን እሱ በገባበት፣ በሚዞረው ክብ ናስ ላይ ይሁን። ናሱ ራሱ በቀዳዳው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከታየ ተዉት። የቁልፉንም ጥርሶች እዩ፦ ሁሉም እኩል ቁመት ከሆኑ ውስጥ ያሉት ፒኖችም ተመሳሳይ ናቸው፣ ለሌባ ሥራው ቀለለ።

ጥርስ ሲያስቀይሩ ልዩዎቹን ፒኖች ማጣት

እኔ ከሁሉ የምቆጭበት ይኼ ነው። ተከራይ ሲወጣ ወይም ቁልፍ ሲጠፋ ሲሊንደሩን ፈትቶ ፒን በመቀያየር በአዲስ ቁልፍ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ አዲስ ከመግዛትም ይረክሳል። ሲሊንደሩ ሲፈታ ግን የላይኞቹ ፒኖችና ሞላዎቹ ተፈናጥረው ጠረጴዛው ላይ ይበተናሉ። ባለሙያው ከቸኮለ ወይም ልዩነቱን ካላየ ከቆርቆሮ ሣጥኑ ልሙጥ ፒን አንስቶ ይከታል። ቁልፉ ይዞራል፣ ባለቤቱ አመስግኖ ይከፍላል፣ የከፈለበት መከላከያ ግን ወለሉ ላይ ቀርቷል። ከውጭ ምንም አይታይም።

የቁልፍ ባለሙያዎች ይህን አደራ እላችኋለሁ፦ የላይኛውን ፒን ባወጣችሁበት ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ አስቀምጡ። አንዳንዱ ፒን ላይና ታች አለው፣ ተገልብጦ ከገባ የተሠራበትን ሥራ አይሠራም። ከዋናው የረዘመ ፒን ከገባ ደግሞ ሞላው እስከ መጨረሻው ይጨፈለቅና ቁልፉ አልገባም ይላል። «ይጠንክር» ብሎ ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ ዓይነት ልዩ ፒን መሙላትም አይጠቅምም። ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ልሙጡንና ልዩውን ይቀላቅላሉ፤ ሌባውን ግራ የሚያጋባው መቀላቀሉ ነው። ባለቤቶች ደግሞ ሲሊንደሩ ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ። «የላይኞቹ ፒኖች ያው ይመለሱልኝ» ማለት ነውር የለበትም።

ከኮፒ ላይ ኮፒ ማስቀረጽ

አምስት ሰው በሚኖርበት ቤት ቁልፍ ይባዛል። የመጀመሪያው ኮፒ በጥቂቱ ይሳሳታል፣ ከእሱ የተቀረጸው ደግሞ ስህተቱን ይጨምርበታል። ልሙጥ ፒን ባለው ሲሊንደር እንዲህ ያለው ቁልፍ አንዳንዴ እየተንገጫገጨም ይከፍታል። ወገበ ቀጭን ፒን ባለበት ግን ጥርሱ ከልኩ በላይ ጠልቆ ከተቆረጠ ቁልፉ ትንሽ ዞሮ ይያዛል፤ ልክ ሌባውን እንደያዘው ባለቤቱንም ይይዘዋል። ሰው ሲሊንደሩ የተበላሸ መስሎት በኃይል ይጠመዝዛል፣ ቁልፉም ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ትንሽ ዞሮ ከቆመባችሁ ወደ ኋላ መልሱት፣ አውጡት፣ ከፋብሪካ የመጣውን ቁልፍ ሞክሩ። እሱ ከከፈተ ጥፋቱ የኮፒው ነው። ከፋብሪካ ከመጡት አንዱን ለማስቀረጫ ብቻ አስቀምጡት።

ዘይት ማፍሰስ

ገና አስፋልት ባልገባበት ሰፈር በጋውን ሙሉ አቧራ አለ። ቁልፉ ሲከብድ የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ ለሳምንት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ዘይቱ አቧራውን ይዞ ጭቃ ይሆናል። የተሰረሰሩት ፒኖች ስርጉዳቸው ጭቃውን ስለሚይዝ ቀድመው ይጣበቃሉ። ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ተጠቀሙ። ካላገኛችሁ የቁልፉን ጥርስ በእርሳስ ደጋግማችሁ ቀቡና አስገብታችሁ አውጡት።

ፒኑ የማይመልሰውን ጥቃት መርሳት

በልዩ ሁኔታ የተቀረጸ ቁልፍ ከትቶ እየመቱ ፒኖቹን ለቅጽበት ማዝለልን እነዚህ ቅርጾች ብዙም አይከለክሉትም። ከዚያም የባሰ ቀላል መንገድ አለ፦ ከበሩ ፊት ወጥቶ የቆመ ሲሊንደርን ይዞ መስበር። ከሁለቱም ወገን ቁልፍ የሚገባበት ረጅሙ ሲሊንደር መካከሉ ላይ ለብሎን ስለተበሳ ደካማው እዚያ ነው። የላሜራ በር የሚሠሩልን ባለሙያዎች የገበያውን ሲሊንደር ርዝመት ሳይለኩ ሲገጥሙ ጫፉ የጣት ያህል ወጥቶ ይቀራል። ከሽፋኑ ከ3 ሚሊሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ ውጪኛውና እስከ ውስጠኛው የበሩ ፊት ለየብቻ ለኩ፤ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። በዚያ ልክ ስጡኝ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ በጠንካራ ብረት የተሠራ ሽፋን ከውስጥ በኩል በሚጠብቅ ብሎን አስገጥሙበት።