ባዮጋዛችንን ያዳነው ፈርስ

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው የቤታችን ባዮጋዝ (እበትና ትራፊ አብላልቶ የሚነድ ጋዝ የሚሰጥ ጉድጓድ) እሳቱ ደከመ። አንድ ጀበና ማፍላት እንኳ አቃተው። እማዬ «አብሽር፣ በከሰል እናፈላለን» አለችኝ። እኔን ግን እልህ ያዘኝ።

መጀመሪያ ቱቦውን በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፤ የሚያፈስ የለም። የማስገቢያውን ክዳን ስከፍት የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጥፋቱ የኔው ነበር። ላሟን ከሸጥን ወዲህ የማጎርሰው የጠላ አተላና የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ነው።

የሚነደውን ጋዝ፣ ሚቴንን፣ የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ኮባልት የሚባል ማዕድን ይፈልጋሉ። ቫይታሚን ቢ12 መሃሉ ላይ አንዲት የኮባልት አቶም አለችው። እነሱም የቢ12 ዘመድ በሆነ ውህድ ሜቲል የሚባለውን ቁራጭ ይቀባበላሉ፤ ሚቴን የሚሆነው እሱ ነው። ቅብብሉ ሲጓደል አሲዱ ይጠራቀማል፣ ጋዙ ይቀራል። የከብት ሆድ ውስጥ ግን ተሕዋስያኑም ቫይታሚኑም ሞልተዋል።

አተላውን አቆምኩ። ጎረቤት በሬ ሲያርዱ ትኩስ ፈርስ በባልዲ ለመንኩ (ሥጋ ትቶ ፈርስ የሚለምን አይተው አያውቁም፣ ሳቁብኝ)። በእኩል ውሃ በጥብጬ ጨመርኩት። ከዚያ በየቀኑ ከጎረቤት አንድ ባልዲ እበት። እበቱ አሲዱንም ያበርዳል፣ ኮባልቱ ብቻውን አልሠራም።

በ9ኛው ቀን ሰማያዊ እሳት መጣ። አቦሉን በጋዝ አፈላን።